ጽሑፉ ይቅደም ወይስ ገጹ?

እሷ፦ ጋሼ፣ የራሴን ጦማር ልከፍት ነው ስልዎ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዲዛይኑን ማን ይሠራልሻል?» ብለው ነው። ማንም አይሠራልኝም። ከተዘጋጁት ቴምፕሌቶች ነጩንና ባዶውን መርጬ ዛሬውኑ መጻፍ እጀምራለሁ።

እሱ፦ ዕድሜዬን ሙሉ የመጽሔት ገጽ ሳቀናብር ኖሬ ሌላ ምን እንድጠይቅሽ ፈለግሽ? ነጩና ባዶው ገጽም እኮ ለሰው የሚናገረው አለው። «ባለቤቴ አልተጨነቀችብኝም» ይላል። አንባቢም ባለቤቱ ያልተጨነቀበትን እኔ ምን አስጨነቀኝ ብሎ ያልፈዋል።

እሷ፦ እኔ ደግሞ ባለቤቶቻቸው ተጨንቀውባቸው የሞቱ ብዙ ጦማሮች አይቻለሁ። ሎጎ አላቸው፣ ከላይ የተንጣለለ ፎቶ አላቸው፣ «ስለ እኔ» የሚል ገጽ አላቸው። የመጀመሪያው ጽሑፍ «እንኳን ወደ ገጼ በደህና መጣችሁ፤ በቅርቡ በተለያዩ ርዕሰ ጉዳዮች እመለሳለሁ» ይላል። ሁለተኛ ጽሑፍ የለም። ቀኑን ሲያዩት ዓመታት አልፈውታል። ቄጠማውን ጎዝጉዞ፣ ረከቦቱን አሳምሮ፣ ቡናውን ሳያፈላ እንግዳ እንደ መሸኘት ነው።

እሱ፦ ያ የሰውየው ስንፍና ነው፤ የዲዛይኑ ጥፋት አይደለም። የማይጽፍ ሰው ባዶ ገጽ ላይም አይጽፍም።

እሷ፦ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ሎጎውንም አይሠሩትም ነበር። እነዚህ ሰዎች እኮ ሌሊቱን ተቀምጠው አድረዋል። ሰማያዊውን አረንጓዴ አድርገዋል፣ መልሰው ሰማያዊ አድርገዋል፣ የርዕሱን ፎንት ደጋግመው ለዋውጠዋል። ደክመዋል፤ የደከሙት ግን ቀላሉን ድካም ነው። ቀለም ሲቀየር ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። አንቀጽ ግን ያሳፍራል። መልሰው ሲያነቡት «አውቀዋለሁ» ያሉትን ነገር እንደማያውቁት ይነግራቸዋል። ስለዚህ ወደ ቀለሙ ይሸሻሉ። ሥራ የሚመስል ሽሽት ደግሞ ከስንፍና ይከፋል፤ ሰውየው ስለደከመ ራሱን አይወቅስማ።

እሱ፦ እሺ፣ ይህን ልቀበልሽ። አሁን አንባቢውን እንይ። ታክሲ ውስጥ ተጣቦ ተቀምጧል፣ ስልኩን በአንድ እጁ ይዟል፣ መውረጃው ቀርቧል። ገጽሽ ሲከፈትለት ላንብብ ወይስ ልዝጋ ብሎ የሚወስነው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጨርስ ነው። ይህን በመጽሔት ዘመን በየመንገዱ አይቻለሁ። ሰው ከአዟሪው እጅ መጽሔት ይቀበላል፣ ሽፋኑን ያያል፣ ገለጥ ገለጥ ያደርጋል፣ ይመልሳል። ምን እንደተጻፈ አያውቅም፤ ፍርዱን ግን ሰጥቷል።

እሷ፦ መጽሔቱ የሚታየው ከሌሎች መጽሔቶች ጋር ተደርድሮ ነው። የግል ጦማር እንዲያ አይደለም። ወደ እኔ የሚመጣ ሰው እንዴት ይመጣል? ጓደኛው በቴሌግራም ሊንክ ልኮለት «ይቺን አንብባት» ይለዋል። የፊት ገጼን አያየውም፤ በቀጥታ ጽሑፉ ላይ ነው የሚያርፈው። የመጣው ሌላ ሰው አንብቦ የወደደውን ሊያነብ ነው። «አንብባት» የሚያሰኘውም ጽሑፉ ነው። «ገጿ እንዴት እንደሚያምር እይ» ተብሎ የተላከ ሊንክ ደርሶዎት ያውቃል?

እሱ፦ አልደረሰኝም። ከፍቼ ሳላነበው የተውኩት ሊንክ ግን ብዙ ነው። ላኪው ጽሑፉን አመስግኖልኝ ነበር፤ ዓይኔ አልቻለም። ወደዚህ ቆይተን እንመለሳለን። አሁን ግን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። በሀገራችን የጽሑፍ ባህል ጽሑፍና ገጽ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? አድዋ አጠገብ፣ አባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ተመልከቺ። በካርቦን ሲመረመሩ ዕድሜያቸው ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የተገኘው። ወንጌሉ ከመጀመሩ በፊት የአውሳብዮስ ሰንጠረዦች አሉ፤ በአዕማድና በቅስት የተከበቡ፣ ወፎች የተሳሉባቸው። ጌጥ ብቻ አይደሉም። አንዱ ታሪክ በአራቱ ወንጌላት የትና የት እንደሚገኝ ለአንባቢ የሚያሳዩ ናቸው። በኋላ በመጡት ብራናዎችም አዲስ ክፍል ሲጀመር ሐረግ ይሳላል፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ለሚጽፉ ሰዎች «ጽሑፉ ብቻ ይበቃል» ማለት ይቀልላቸው ነበር። አላሉም።

እሷ፦ የእነሱን ቅደም ተከተል እንይ እንግዲህ። ቁም ጸሐፊው ይጽፋል፤ ለሥዕሉ ቦታ ይተዋል። ሰዓሊው በኋላ ይመጣል። አንዳንዴም ሳይመጣ ይቀራል። ለሥዕል የተተወው ቦታ ባዶውን የቀረባቸው ብራናዎች አሉ፤ መጻሕፍት ከመሆን ግን አልቀሩም፣ ይነበባሉ። ሥዕሉ ተሥሎ ጽሑፉ የቀረበት ወንጌል ማን አይቷል?

እሱ፦ አንድ ነገር ዘለልሽ። ቁም ጸሐፊው የመጀመሪያዋን ፊደል ከመጣሉ በፊት ምን ያደርጋል? ብራናውን በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያሰምራል። ስንት ዓምድ ይሁን፣ በአንድ ዓምድ ስንት መስመር ይግባ፣ ኅዳጉ ምን ያህል ይስፋ፣ ይህ ሁሉ ቀለሙ ሳይነካ ተወስኗል። ሥዕሉ በኋላ ነው፤ እውነትሽን ነው። መስመሩ ግን በፊት ነው። አንቺ ዲዛይን ስትይ የሚታይሽ ሥዕሉ ነው። እኔ የምለው መስመሩን ነው።

እሷ፦ ይህ ከባድ መልስ ነው። ግን ቁም ጸሐፊው ፊት ለፊቱ ምን ተዘርግቷል? ሌላ መጽሐፍ። የሚገለብጠው ዳዊት ከሆነ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ያውቀዋል፤ ስንት ቆዳ እንደሚፈጅም ይገምታል። ጽሑፉ አልቆ፣ በብዙ ትውልድ አንደበት ተደግሞ ነው እሱ ዘንድ የደረሰው። አስቀድሞ ማስመር የቻለው የሚጻፈውን ስለሚያውቅ ነው። እኔ ገና አላውቀውም። ስለ ሰፈሬ ብዬ ጀምሬ ስለ እናቴ ሥራ ልጽፍ እችላለሁ። አጭር ማስታወሻ ይሆናል ያልኩት ረጅም ትረካ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ዛሬ ለፎቶ የሚመች ገጽ አሠርቼ ጽሑፎቼ ፎቶ የማይፈልጉ ሆነው ቢገኙስ? በየሳምንቱ ያን ክፍት ቦታ የሚሞላ ፎቶ ስፈልግ ልኖር ነው። ገጹ ጽሑፉን ማዘዝ ይጀምራል።

እሱ፦ ገጽ ጽሑፍን ማዘዙ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ጸሐፊው ሦስት ገጽ ይዞ ይመጣል፤ እኔ «ያለኝ ሁለት ገጽ ነው» እለዋለሁ። ይቆጣል፣ ይሄዳል፣ ቆርጦ ይመለሳል። ታትሞ ሲያየው የቆረጠው ነገር ምን እንደነበረ አያስታውሰውም። የስንቱን ጽሑፍ ያሳመረው የቦታ ጥበት ነው! አንቺ የምትከፍችው ገጽ ግን ጠርዝ የለውም። ወደ ታች ቢጎተት ቢጎተት አያልቅም። የጦማሪዎችን ጽሑፍ ያንዛዛው ይህ ማለቂያ የሌለው ገጽ ነው።

እሷ፦ ያ ጠርዝ የገጹ ነበር ወይስ የእርስዎ? ጸሐፊው የቆረጠው «ያለኝ ሁለት ገጽ ነው» የሚል ሰው ስለነበረ ነው። መጽሔት ቤት አርታኢ አለ፣ አራሚ አለ፣ ገጽ አቀናባሪ አለ። ጦማሪ ብቻውን ነው፤ የጎደለው ሰው ነው። ለዲዛይን የሚወጣውን ጊዜ እዚያ ላይ ላውለው ነው ያሰብኩት። ከማውጣቴ በፊት ጽሑፉን ለአንድ ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ። ሰሚው ወደ ስልኩ ያቀረቀረበት ቦታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

እሱ፦ እስኪ አሳይኝ። ጽሑፍ ማሻሻል የምትይው ቀለም ከመቀያየር በምን ይለያል? እሱም ማለቂያ የሌለው መነካካት ሊሆን ይችላል።

እሷ፦ አሁን በእጄ ያለውን ልንገርዎ። ፒያሳ ስለነበረው ሰፈር፣ ስለ ዶሮ ማነቂያ ነው። መግቢያው «ፒያሳ በአዲስ አበባ ታሪክ ልዩ ቦታ አላት፤ ትዝታዋም ከብዙዎች ልብ አይጠፋም» ይል ነበር። ለጓደኛዬ አነበብኩላት። «የሆነ ቦታ የሰማሁት ይመስለኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማንም ስለ የትኛውም ሰፈር ሊጽፈው ይችላል። ሰረዝኩት። መሐል ላይ ተቀብሮ የነበረውን ወደ ላይ አወጣሁት፦ «የጋራ ቧንቧችን ቁልፍ የሚቀመጠው ጠላ ከምትሸጠው ጎረቤታችን ዘንድ ነበር። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነውና ግቢው ሁሉ የሚነቃው የእሷ በር ሲንኳኳ ነው።» ጓደኛዬ ስልኳን አስቀመጠች። «ሴትየዋ አሁን የት ናት?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ደውዬ አጠያየቅሁ፤ ከዚያ አንድ አዲስ አንቀጽ ተገኘ። ቀለም ብቀያይር ያቺ ጥያቄ አትመጣም ነበር። ጽሑፍ መነካካት የማላውቀውን ነገር ሄጄ እንድጠይቅ ያስገድደኛል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

እሱ፦ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። እንግዲህ ራስሽ ባመጣሽው ጉዳይ ልያዝሽ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ቤቶቹ የሉም። የቧንቧውን ቦታ፣ የጠላ ቤቱን በር፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ጠባብ መተላለፊያ በፎቶና በካርታ ማሳየት ጌጥ ነው ልትይኝ ነው? ለፈረሰ ሰፈር ፎቶ ምስክር ነው።

እሷ፦ ምስክር ነው። ለዚህም ነው ፎቶውን ከጽሑፉ ወገን የምቆጥረው። ያነሳው ማን ነው፣ በሩ የማን በር ነው፣ ደጁ ላይ የተቀመጠችው ማን ናት የሚለው ከሥሩ ካልተጻፈ ምስክርነቱ ብዙ አይዘልቅም። አንድ የማውቀው ልጅ የአንድ ሰፈር ሰዎችን ታሪክ የሚሰበስብ ድረ ገጽ መሥራት ጀመረ። ካርታው ላይ እያንዳንዱን ቤት ሲነኩት ይከፈታል፤ እውነትም ያምራል። «ገጹ ሲያልቅ ሰዎቹን አነጋግራለሁ» ይል ነበር። ገጹ ሲያልቅ ሰዎቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ የከፊሎቹ ስልክ አይሠራም። ገጹ ዛሬም አለ። ቤቱን ሲነኩት የሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ምንም አልተጻፈም። ካርታውን ከአምስት ዓመት በኋላም መሥራት ይቻል ነበር። ሰዎቹን ማነጋገር ግን አይቻልም።

እሱ፦ ያ ጉዳይ አስቸኳይ ነበር። ጦማር ሁሉ ግን የሚፈርስ ሰፈር ላይ አይጻፍም።

እሷ፦ ይሁን። የዞን 9 ጦማሪዎችን ያስታውሱ። በ2004 ዓ.ም. ሲጀምሩ ገጻቸው ማንም በነፃ ሊከፍተው የሚችል ብሎግስፖት ላይ ነበር። ስማቸውን ያወጡት የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች አሉት፣ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጭ ያለው ሀገር ነው ከሚል ሐሳብ ነው። በሚያዝያ 2006 ስድስቱ ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። ያን ጊዜ ያነበባቸው ሰው የጻፉትን ያነሳል፤ ስለ ገጻቸው ቀለም ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

እሱ፦ ዞን 9ን ማንሳትሽ የሚያግዘው እኔን ነው። ሰው የተራበውን ነገር በተቀደደ ወረቀትም ያነበዋል። በተማሪነታችን ዘመን በስቴንስል የተባዛ፣ ፊደሉ የፈዘዘ ወረቀት በሻማ ይነበብ ነበር። የተከለከለ ጽሑፍ ክልከላው ራሱ አንባቢ ይሰበስብለታል። አንቺ ግን የምትጽፊው ስለ ቧንቧ ቁልፍ ነው። የከለከለሽ የለም፤ የሚፈልግሽም የለም። ያልተራበን ሰው ነው ማስቀመጥ ያለብሽ። ገጽ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

እሷ፦ ያልተራበውን ሰው ያማረ ገጽ ለአንድ ደቂቃ ያስቀምጠው ይሆናል። ሁለተኛውን ደቂቃ ግን አይሰጠኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም መልሶ አያመጣልኝም። ጉዳዬ ተራ በሆነ መጠን ለዓረፍተ ነገሩ የማውለው ጊዜ መብዛት ነው ያለበት። ስለ ቧንቧ ቁልፍ የተጻፈ ደካማ ጽሑፍ ምንም መጠጊያ የለውም።

እሱ፦ አሁን ቆይተን እንመለሳለን ወዳልኩሽ ነገር። ነጩን ቴምፕሌት ስትመርጪ ዲዛይን የተውሽ መስሎሻል። አልተውሽም። ሌላ ሰው የሠራውን ወሰድሽ፤ ያ ሰው ደግሞ ፊደላችንን አያውቀውም። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ስላለው የዓረፍተ ነገሩን መነሻ ዓይን ቶሎ ያገኘዋል። እኛ ያ የለንም፤ የሚረዳን ክፍተቱ ነው። ቴምፕሌቱ የመረጠው ፎንት ግዕዝ ከሌለው ስልኩ ያለውን ፎንት ይተካል፤ መጠኑና የመስመሩ ክፍተት ግን ለላቲን እንደተለካ ይቀራል። መስመር በመስመር ላይ ይጫናል። «ሂዱ» እና «ሂዲ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ላይ። ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። ይደምቅልኝ ብለሽ ስታወፍሪው ደግሞ የ«ፀ» ቀዳዳ ይደፈናል። ዕድሜው ገፋ ያለ አንባቢ ሁለት አንቀጽ ታግሎ ይተወዋል። ለእሱ «ጽሑፉ ይበቃል» ልትይው አትችይም፤ ጽሑፉ አልደረሰውማ።

እሷ፦ እዚህ ላይ የምከራከርዎ ነገር የለኝም። ግዕዝ ያለው ደህና ፎንት፣ ከፍ ያለ የፊደል መጠን፣ ሰፋ ያለ የመስመር ክፍተት፣ ጥቁር በነጭ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሠርቼ እዘጋዋለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ግን ከአንባቢዬ ኪስ ነው የሚከፈለው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የሚይዘው 3 ባይት ነው። 1,500 ቃል ያለው ጽሑፍ ተጠቃሎ 30 ኪሎባይት አይሞላም። በዘመኑ ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ፣ ካላሳነሱት፣ 3 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ያ የመቶ ጽሑፍ ክብደት ነው። ፓኬጅ ገዝታ ለምታነብ ልጅ የብዙ ወራት ጽሑፌን በምታነብበት ዳታ የገጼን ጌጥ ብቻ ላስወርዳት ነው?

እሱ፦ ፎቶውን አሳንሺዋ! ጥሩ ዲዛይነር ከሚጨምርልሽ የሚቀንስልሽ ይበልጣል። አንቺ የምትጠይውን እኔም እጠላዋለሁ።

እሷ፦ እንግዲያውስ የፖል ግርሃምን ገጽ ይዩ። ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ንግድ ድርሰት የሚጽፈው አሜሪካዊ። ገጹ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ጠባብ ዓምድ፣ ነጭ መደብ፣ ሌላ ምንም። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያነበዋል።

እሱ፦ ግርሃም ድርሰቶቹን መጻፍ ከመጀመሩ በፊት፣ በ1998 እ.ኤ.አ.፣ ኩባንያውን ለያሁ ሸጦ ነበር። ስሙ ቀድሞታል። የታወቀ ሰው አዳፋ ለብሶ ቢመጣ «ትሑት ነው» ይባላል፤ ያልታወቀ ሰው ለብሶት ሲመጣ ግን በር ይዘጋበታል። ቀላልነት ለሁሉም እኩል ዋጋ የለውም። አንቺን ማንም አያውቅሽም። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ዛሬ ሰው በየሊንኩ ሲታለል የከረመ ነው። ያልተስተካከለ ገጽ ሲያይ ማጭበርበሪያ ይሆን እንዴ ብሎ ይሸሻል። እምነት የሚጀምረው ከመልክ ነው።

እሷ፦ ዛሬ ያማረ ገጽ ማንም በደቂቃ ያሠራል፤ አጭበርባሪውም ጭምር። ድሮ ንጹሕ ገጽ «እዚህ ሰው ደክሟል» ብሎ ይመሰክር ነበር። አሁን ያን ምስክርነት አጥቷል። የቧንቧውን ቁልፍ ማን እንደያዘው ግን እዚያ የኖረ ሰው ነው የሚያውቀው። አንባቢ የሚያምነኝ በዚያ ነው። ደግሞም ጽሑፍ ገጹ ላይ አይቀመጥም፤ ይወጣል። አንዱ ኮፒ አድርጎ ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው ቀለሙና ኅዳጉ እዚያው ይቀራሉ። ሌላው ብራውዘሩ ላይ የንባብ ሁነታን ተጭኖ ጌጡን ራሱ ይገፍፈዋል። ዓይነ ስውሩ አንባቢ ስልኩ በድምፅ ሲያነብለት የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው። ፎንት ከጽሑፍ የበለጠበትን ዘመንም አይረሱት። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ሰው በየራሱ ፎንት ይጽፍ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የምልክት ክምር ነበር የሚታየው። ጽሑፉ ከመልኩ ጋር ታስሮ ስለነበር መልኩ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ።

እሱ፦ ጽሑፍ ያለ አካል ይኖራል እያልሽኝ ነው?

እሷ፦ ከአካል ወደ አካል ይሻገራል እያልኩ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ሽፋኑን ሳያይ፣ አንዲት ፊደል ሳያነብ ያወቀው ስንቱ ነው? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ገጽ የሚባል ነገር አላየም። ጽሑፉ ብቻውን ሄዶ ቤቱ ገባ።

እሱ፦ ብቻውን? የወጋየሁ ድምፅስ? የት እንደሚያርፍ፣ የቱን ቃል እንደሚያዘገይ፣ እያንዳንዱን ባለታሪክ በራሱ አንደበት እንዴት እንደሚያናግር ሰምተሻል። ያንኑ መጽሐፍ ሌላ ሰው በጥድፊያ ቢያነበው ሬዲዮው ይዘጋ ነበር። እኔ ገጽ የምለው ይህንን ነው። በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል የምተወው ክፍተት ወጋየሁ የሚተነፍስበት ቦታ ነው። ጽሑፍ ያለ አቅራቢ ማንም ዘንድ ደርሶ አያውቅም። አንቺ አቅራቢውን ከሥራው ውጭ አድርገሽ ነው የምትቆጥሪው።

እሷ፦ ይህን መልስ ላፈርሰው አልችልም። ወጋየሁ ለመጽሐፉ ያደረገለትን ማንም አይክደውም። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ሲጽፉ ተራኪ እስኪገኝ አልጠበቁም። የሚተረክ ነገር ስለነበረ ነው ተራኪው የተገኘለት።

እሱ፦ ተራኪ ያልተገኘለትስ? በየመሳቢያው፣ በየመጋዘኑ የቀረ ስንት ጽሑፍ አለ? አንቺ የምትጠሪልኝ የተረፉትን ነው። በተጨናነቀ ገጽ፣ በፈዘዘ ኅትመት፣ በማይነበብ ፊደል የተቀበሩትን ልትጠሪልኝ አትችይም፤ ስላልተነበቡ ስማቸው የለም። እኔ ግን በእጄ አልፈዋል። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ በጥድፊያ በደቃቅ ፊደል ታጭቆ ወጣ፤ ማንም ሳያየው ቀረ። ጸሐፊው ሁለተኛ አልጻፈም። ይህንን ኪሳራ ከሒሳብሽ ውስጥ አስገቢው።

እሷ፦ አስገባዋለሁ። ያልተጻፉትንም ያስገቡልኝ። ባማረ ርዕስ ሥር ባዶ የቀሩት ሳጥኖችም ስም የላቸውም። ከሁለቱ ኪሳራዎች የመጀመሪያው የሚጠገን ይመስለኛል። መሳቢያ ውስጥ ያለውን አንድ ቀን እንደ እርስዎ ያለ ሰው ያወጣዋል፣ ያሰምርለታል፣ እንደገና ያሳትመዋል። ያቺ የቧንቧውን ቁልፍ የያዘችው ሴት ሳትጠየቅ ካለፈች ግን የሚቀናበር ነገር የለም።

እሱ፦ ለጸሐፊው አልተጠገነለትም። ሁለተኛ አልጻፈም አልኩሽ እኮ።

እሷ፦ ልክ ነዎት። ለእሱ አልተጠገነለትም።

እሱ፦ ስለዚህ ገደብ አብጂ። «በኋላ» ማለት ገደብ ከሌለው «መቼም» ማለት ነው። ስንት ጽሑፍ ሲሞላ ነው ዲዛይን የሚገባሽ?

እሷ፦ አሥር። አሥሩን ይዤ እርስዎ ዘንድ እመጣለሁ። ያኔ ርዝመታቸው ታውቋል፣ ፎቶ የሚፈልጉት ተለይተዋል፣ ስለ ሰፈር ይሁን ስለ እናቴ የምጽፈው ግልጽ ሆኗል። የሚጻፈውን አይተው ያሰምሩልኛል።

እሱ፦ አሥሩን አንብቤ ምናልባት «ምንም አትንኪው» እልሽ ይሆናል፤ ምናልባትም ሁሉንም አፍርሰን እንሠራዋለን። የትኛው እንደሆነ ዛሬ ልነግርሽ አልችልም፤ እስከዚህ ድረስ አሳምነሽኛል። በአንድ ነገር ግን አልለቅሽም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ገጹን ርካሽ ስልክ ላይ ክፈችው፣ ፀሐይ ላይ ቆመሽ። ከዚያ ለእናትሽ ስጫትና ታንብብልሽ። ፊደሉን ለመለየት ስልኩን ወደ ዓይኗ ካስጠጋችው አላለቀም፤ አታውጪው።